በደባል መምጠቅ ውርደት ነው እንዴ?

ወገን፣ የሳተላይት ነገር በተነሳ ቁጥር ኮሜንት ላይ አንድ ጭቅጭቅ አይጠፋም። «የራሳችን ሮኬት ሳይኖረን በሰው ሮኬት ላይ ተደርበን ሄደን ምኑ ነው የሚያኮራው?» ይላል አንዱ። ሌላው ስድብ ይመልስለታል። ስድቡን ትተን ጥያቄውን እንያዘው፤ ጥያቄው የሚገባ ነው።

እውነቱን አንደብቅ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከታይዩዋን የተነሳው የቻይና ሮኬት ዋና ጭነት የኛዋ ኢቲአርኤስኤስ-1 አልነበረችም። ዋናው ተሳፋሪ የቻይናና የብራዚል የጋራ ሳተላይት ነበር። 70 ኪሎ ገደማ የምትመዝነው የኛዋ አብራ የተጫነች ናት። በዓመቱ የመጠቀችው ሁለተኛዋም ከሌሎች ጋር ተሳፍራ ነው የሄደችው። ሁለቱም መሬትን የሚመለከቱ ትንንሽ ሳተላይቶች ናቸው። አሁን «ይኑረን» እየተባለ የሚወራው ግን የኮሙኒኬሽን ሳተላይት ነው፣ እዚያ ላይ ሒሳቡ ሌላ ነው።

እስቲ ቀና በሉና ጣሪያችሁ ላይ ያለውን ዲሽ እዩት። ኢትዮሳት የምንለው አገልግሎት የሚመጣው በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ካለው ኤንኤስኤስ-12 ሳተላይት ነው። ባለቤቱ ኤስኢኤስ የሚባለው የሉክሰምበርግ ግዙፍ ኩባንያ ነው። ይህ ከ5 ቶን በላይ የሚመዝን ሳተላይት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 29 ቀን 2009 በአሪያን 5 ሮኬት ሲመጥቅ ብቻውን አልነበረም፤ የኖርዌዩ ቶር 6 ደባል ሆኖ አብሮት ሄዷል። የግብፁ ናይልሳት 201ም እ.ኤ.አ. በኦገስት 2010 ከአፍሪካ አገሮች ራስኮም ሳተላይት ጋር በአንድ ሮኬት ነው የወጣው። ካይሮ ላይ በዚህ የተሸማቀቀ ሰው አልሰማሁም።

ነገሩን በታክሲ አስቡት። ደባልነት ሰልፍ ይዞ ሚኒባስ መሳፈር ነው፣ ሌላው ኮንትራት መያዝ ነው። የዋጋው ልዩነት ቀላል አይደለም። ስፔስኤክስ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ዋጋ እስከ 200 ኪሎ የሚመዝን ሳተላይት በ1 ሚሊዮን ዶላር መሳፈር ይችል ነበር፤ ሙሉ ፋልከን 9 ደግሞ 62 ሚሊዮን ዶላር ገደማ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2021 አንድ ሮኬት 143 ሳተላይቶች ጭኖ ወጥቷል። (የኛን ሰፈር ሚኒባስ ያስንቃል።) ግን ሮኬት ላይ «ወራጅ አለ» ብሎ ነገር የለም። ዋናው ተሳፋሪ በሚወርድበት ምህዋር ትወርዳላችሁ፤ ከዚያ ወደምትፈልጉት ቦታ የምትሄዱት በራሳችሁ ነዳጅ ነው። ለሳተላይት ነዳጅ ማለት ዕድሜ ማለት ነው። ከናይልሳት ጋር የወጣው ራስኮም እኮ ምትክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 የመጠቀው የመጀመሪያው፣ በራሱ ላይ በተፈጠረ የሂሊየም መፍሰስ የተነሳ 15 ዓመት ያገለግላል ሲባል ዕድሜው ወደ 2 ዓመት ገደማ ወረደ።

ቴሌቪዥን የሚያሰራጩት ትልልቅ ሳተላይቶች ግን አብዛኞቹ ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ላይ ነው የሚቀመጡት። መንገዳቸው አንድ ነው። ስለዚህ ሁለቱን አንድ ላይ ጭኖ መላክ ያዋጣል፤ ማንም ከሰፈሩ ርቆ አይወርድም።

ታዲያ ሮኬት በጅምላ መግዛት ለማን ነው? ብዙ ሳተላይት በዝቅተኛ ምህዋር ለሚደረድር። ኢሪዲየምን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ2010 ከስፔስኤክስ ጋር የ492 ሚሊዮን ዶላር ውል አስሮ፣ ከ2017 እስከ 2019 መጀመሪያ በ8 ጉዞ 75 ሳተላይቶች አወጣ። ሳተላይቶቹ በ6 የምህዋር መስመር፣ በእያንዳንዱ 11 ሆነው ስለሚሰለፉ፣ አሥሩን በአንድ ሮኬት አንድ መስመር ላይ ማውረድ ሒሳቡ ራሱ የሚያዘው ነው። ደስ የሚለኝ ደግሞ ይሄ ነው፦ ያ ሁሉ ገንዘብ ያለው ኩባንያ ከ8ቱ አንዱን ጉዞ ከሁለት የምርምር ሳተላይቶች ጋር በደባልነት ነው የሄደው። ለሱ 5 ሳተላይት ብቻ ነበር የተጫነለት። ኩራቱን ሳይሆን ኪሱን አይቶ ወሰነ።

ጅምላ ጣጣም አለው። እ.ኤ.አ. በ1998 የግሎባልስታር 12 ሳተላይቶች በአንድ ሮኬት ውድቀት በአንድ ቀን ጠፉ። የዋንዌብ ታሪክ ደግሞ ለኛ ዓይነቱ ሰው ይበልጥ ትምህርት አለው። ኩባንያው የሩሲያን ሮኬት በጅምላ ገዝቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በማርች 2022፣ የዩክሬን ጦርነት በተጀመረ በቀናት ውስጥ፣ ሩሲያ «የእንግሊዝ መንግሥት ድርሻውን ይሽጥ» የሚል ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠች። 36 ሳተላይቶች ባይኮኑር ላይ ቀሩ። ኩባንያው ሮጦ ወደ ስፔስኤክስና ወደ ሕንድ ሄደ። ሙሉ ሮኬት መግዛት ነፃነት መስሎት ለነበረ ሰው ይሄ ከባድ ነው፤ ቁልፉ ያለው ሮኬቱን በሚያስነሳው እጅ ነው።

ስለዚህ አቋሜን በግልጽ ልናገር። ለአንድ ወይም ለሁለት የኮሙኒኬሽን ሳተላይት ሙሉ ሮኬት እንግዛ የሚል ሰው በድሃ አገር ገንዘብ ፎቶ ሊነሳ ነው የሚፈልገው። የሚተርፈው ዶላር ሥራ ላጣ መሐንዲስ ደመወዝ ይሁን፣ የመሬት ጣቢያ ይሠራበት። (ሥራ ፈላጊ ስለሆንኩ ነው እንዲህ የምለው? ይሁን፣ ሒሳቡ ግን ያው ነው።) አንድ ቦታ ላይ ብቻ እጄን አልሰጥም፦ ጊዜ። የምህዋር ቦታና ፍሪኩዌንሲ በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ይመዘገባል፣ በ7 ዓመት ውስጥ ሥራ ላይ ካልዋለ መብቱ ይሄዳል። ዋናው ተሳፋሪ ሲዘገይ እኛም አብረን ስንጠብቅ ያ ቀን ሊያልፍብን ይችላል። ያኔ ኮንትራት መያዝ ቅንጦት አይሆንም።

የኮሙኒኬሽን ሳተላይት ውል ተፈረመ የሚል ዜና የመጣ ቀን ታዲያ ኮሜንት ላይ «ሮኬቱ የማን ነው?» ብላችሁ አትጣሉ። ደባላችን ቢዘገይ ስንት ወር እንጠብቃለን? ቢወድቅ ኢንሹራንሱ ማንን ይክሳል? አስወንጫፊው አገር በሩን ቢዘጋብን ወደ ሌላ ሮኬት የመዛወር መብት ውሉ ላይ ተጽፏል? እሱን ጠይቁ፣ መልስ እስኪሰጣችሁም ደጋግማችሁ ጠይቁ።