መኪናው ሲጮኽ አፉን አናፍነው

የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ስለ ኮምፒዩተር ምን ያውቃል የሚሉ የሳይንስ ወዳጆች እንዳሉን አላጣሁትም። ይሁን እንጂ ኮምፒዩተሩ ስሕተቱን የሚናገረው ለእነርሱ ብቻ አይደለም፤ ለሁላችንም ነው። እኔም የምከራከረው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው። መኪና አካሉ ሲታወክ ሥራውን አቋርጦ «ታምሜአለሁ» ማለቱ ከጠባዮቹ ሁሉ የሚከበረው ነው፤ እኛ ግን ጩኸቱን እንደ ስድብ እየቆጠርን አፉን ለማፈን እንጣደፋለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኮምፒዩተር አንጎል፣ ፕሮሰሰር የሚሉት፣ ትእዛዞችን በተራ የሚፈጽም ሠራተኛ ነው። አንድ ቁልፍ በተነካ ጊዜ «አንዴ ስማኝ» የሚል ምልክት ይመጣለታል። እርሱም የት እንደ ደረሰ መዝግቦ፣ ለዚያ ጥሪ የተመደበውን ሥራ ፈጽሞ፣ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ይህን ኢንተረፕት ይሉታል። በአማርኛ «አቋራጭ» ብንለው የጁገልን ጠባብ መንገድ ያስመስልብናልና እኔ «የማቋረጫ ጥሪ» እለዋለሁ፤ የተሻለ ያለው ያምጣ።

ፕሮሰሰሩ ሥራ ሲበዛበት ከእነዚህ ጥሪዎች ብዙዎቹን «ቆዩ» ሊላቸው ይችላል። ቆይ የማይባል ግን አንድ አለ፤ እርሱም ለከባድ የአካል ብልሽት የተጠበቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የአይ ቢ ኤም የግል ኮምፒዩተር ለእያንዳንዱ ስምንት ቢት ዘጠነኛ የምስክር ቢት ነበረው። ምስክሩ ከስምንቱ ጋር ያልተስማማ እንደ ሆነ ያ ጥሪ ይነሣል፤ መኪናው «ፓሪቲ ቼክ» ብሎ ይጽፍና ቀጥ ይላል። የሚያስገርመው ግን መሐንዲሶቹ ከፕሮሰሰሩ ውጭ ይህንኑ ጥሪ መዝጊያ አብረው መሥራታቸው ነው! ሰው ጆሮውን የሚደፍንበትን ነገር ሳያዘጋጅ አያድርም።

መቆሙ ለምን ይጠቅማል? እዚሁ ሐረር፣ ከፈረስ መጋላ ወደ ውስጥ ሲገቡ፣ ከስፌት መኪናዎች ጩኸት የተነሣ «መኪና ግርግር» የተባለ መንገድ አለ። የስፌት መኪና የታችኛው ክር ሲያልቅ መርፌው መውጋቱን አይተውም፤ ጨርቁም ያልፋል፤ ስፌት ግን የለም። ነቅቶ የሚሠራ ልብስ ሰፊ እግሩን ያነሣል። ያልነቃው እስከ ጫፍ ይነዳዋል፤ ልብሱም ከሩቅ ሲያዩት የተሰፋ ይመስላል።

የእኛ ኮምፒዩተሮች አብዛኞቹ የታችኛው ክር ማለቁን የማያውቁ ናቸው። ሪቻርድ ሃሚንግ አንድ የተሳሳተ ቢት ፈልጎ የሚያርም ዘዴ ካሳተመ እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ ብዙ ዘመን አልፏል፤ ትልልቆቹ ሰርቨሮችም ይጠቀሙበታል። በርካሽ የሚሸጡት የተማሪ ላፕቶፖች ግን በአብዛኛው ምስክር የሌለው ማስታወሻ ይዘው ይመጣሉ። ይህ እኛን የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ተማሪዎችን ከማንም ይልቅ ሊያስጨንቀን ይገባል። አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ ያሰባሰቧቸውና በጁገል ሙዚየማቸው የሚገኙት በመቶ የሚቆጠሩ የእጅ ጽሑፎች ዓይነት ቅርስ ፎቶግራፍ ተነሥቶ እንዲህ ባለ መኪና ላይ ቢቀመጥ፣ አንድ ቢት ቢገለበጥ፣ ከዚያም ግልባጭ በግልባጭ ላይ ቢሠራ፣ ማን ያውቃል? የጸሐፊ ስሕተት የእጁ ጠባይ አለበትና መርማሪ ይደርስበታል። ዝም ያለ መኪና ስሕተት ግን እጅ የለውም።

የዝምታውን ዋጋ አገራችን በከባዱ ከፍላለች። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ከ6 ደቂቃ ያህል በኋላ ቢሾፍቱ አጠገብ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። ይህ በጥብቅ ትርጉሙ የፕሮሰሰር ጥሪ ጉዳይ አይደለም፤ ነገሩ ግን ያው የምስክር ነገር ነው። በአፍንጫው ግራና ቀኝ ነፋሱ የሚመጣበትን ማዕዘን የሚለኩ ሁለት መለኪያዎች ነበሩ። በተነሣ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ የግራው 74.5 ዲግሪ ሲል የቀኙ 15 ገደማ ይል ነበር። ከሁለቱ አንዱ እንደሚዋሽ ሕፃን አያጣውም። ኤምካስ የተባለው ፕሮግራም ግን የግራውን ብቻ አምኖ አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ መሬት ደፋው። መለኪያው ስለ ተበላሸበት ምክንያት የኢትዮጵያና የአሜሪካ መርማሪዎች አልተስማሙም፤ ለእኔ ክርክር ግን ይህ ሁለተኛ ነገር ነው። አንደኛው፣ «ሁለቱ መለኪያዎች አልተስማሙም» የሚለው ማስጠንቀቂያ፣ ቦይንግ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2019 እንዳመነው፣ ተጨማሪ መሣሪያ ላልገዛ አየር መንገድ የማይሠራ መሆኑ ነው። ሌሎች ማስጠንቀቂያዎች በአብራሪዎቹ ላይ ሲንጫጩ ዋናው ምስክር ዝም አለ። ምስክርነት በተጨማሪ ዋጋ የሚሸጥ ዕቃ ነውን?

«ታዲያ በአየር ላይ ያለ መኪና ቀጥ ይበል ወይ?» ብሎ አንድ ወዳጄ ሞግቶኛል። ማንም እንዲህ አላለም። መኪናው የተጠራጠረውን ክፍል ትቶ፣ መተዉንም ተናግሮ፣ በቀረው ይሥራ። አሁን የታረመው ኤምካስ ሁለቱን መለኪያዎች ያስተያያል፤ ልዩነታቸው 5.5 ዲግሪ ከደረሰ ሥራ አይጀምርም። ሊኑክስም እንደዚሁ ነው፤ የተበላሸው የማስታወሻ ገጽ የአንድ ፕሮግራም ብቻ ከሆነ ያንኑ ፕሮግራም ገድሎ ሌላውን ሊያተርፍ ይችላል። ብልሽቱ የራሱን የሊኑክስን ልብ ከነካ ግን ያቆማል፤ ደግም አደረገ።

ወደ ግቢያችን እንመለስ። በአንድ የኮምፒዩተር ክፍል ሰማያዊው የስሕተት ጽሑፍ ሲወጣ አይቻለሁ፤ አንድም ሰው ሳያነበው ጣት ወደ ማጥፊያው ይሮጣል። መኪናው በነፍሱ መጨረሻ የተናዘዘውን የሚጽፍ የለም። በየክፍሉ አንድ ደብተር ቢቀመጥ፣ ቀኑ፣ የኮምፒዩተሩ ቁጥርና የወጣው ቃል ቢመዘገብ፣ አንዱ ቁጥር ሦስት ጊዜ ሲደጋገም ማስታወሻው ይፈተሻል። ደብተሩን ከማኅበራችን ሣጥን እንግዛው ቢባል የሚቃወም ያለ አይመስለኝም፤ የምጠራጠረው የሚጽፍበት ሰው መገኘቱን ነው።