የሲ እና የዲ ነገር

በየቤታችን ያለውን ኮምፒውተር ስንከፍት ሁለት ሣጥኖች ተደርድረው እናያለን፤ አንዱ ሲ፣ ሌላው ዲ ይባላል። ኤ እና ቢ ወዴት ሄዱ ብሎ የሚጠይቅ ወጣት አይጠፋም። እነዚያ ፊደላት ለፍሎፒ ዲስክ የተመደቡ ነበሩ፤ ፍሎፒው ከገበያ ሲጠፋ ባዶ ወንበር ሆነው ቀሩ። የእኔ ጉዳይ ግን ከቀሩት ከሁለቱ ጋር ነው። የጻፍነውን፣ ያነሣነውን ፎቶግራፍ፣ የቀረጽነውን የወላጆቻችንን ድምፅ ሁሉ አደራ የሰጠነው ለእነርሱ ሆኖ ሳለ፣ ምኑ በየትኛው መቀመጥ እንዳለበት አስበን የወሰንን ጥቂቶች ነን ብዬ አምናለሁ።

ልማዱ ይታወቃል። ዊንዶውስና ፕሮግራሞቹ በሲ ይጫናሉ፤ ሰነድ፣ ሙዚቃና ፎቶ በዲ ይቀመጣሉ። ልማዱ ምክንያት አለው። ኮምፒውተሩ ሲታመም ባለሙያው የሚያዝዘው የመጨረሻ መድኃኒት ፎርማት ነው፤ የሚጠረገውም ሲ ነው። ይሁን እንጂ ዴስክቶፕ ላይ የምናስቀምጠው ሁሉ፣ «ዶክመንትስ» የተባለው ፎልደርም ጭምር፣ ሆን ተብሎ ካልተዛወረ በቀር የሚኖረው በዚያው በሲ ውስጥ ነው። ዘወትር ከዓይናችን ፊት ስለሆነ ደኅና ይመስለናል፤ ቤቱ ሲጠረግ ግን መጀመሪያ የሚሄደው እርሱ ነው።

ከዚህ የሚብሰው ሌላ ነው። በብዙ ቤት ሲ እና ዲ ሁለት ዲስኮች አይደሉም፤ አንዱ ዲስክ በመጋረጃ ተከፍሎ ነው። መጋረጃው ከፎርማት ያድናል፤ ከሞት ግን አያድንም። ዲስኩ ሲበላሽ ወይም ላፕቶፑ ሲሰረቅ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። ለሲ ፈጣን አነስተኛ ዲስክ፣ ለዲ ሰፊ ዲስክ በተገጠመላቸው ኮምፒውተሮች ውስጥ እንኳ ሁለቱ የሚኖሩት በአንድ ሣጥን ውስጥ፣ በአንድ የኤሌክትሪክ መስመር ላይ ነው። ስለዚህ ከሲ ወደ ዲ ስለ ገለበጥሁት ሁለት ቅጂ አለኝ ማለት ራስን ማታለል ነው።

ለእኛ ለአማርኛ ጸሐፊዎች ደግሞ ተጨማሪ ጣጣ አለብን። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለዓመታት፣ ብዙ አማርኛ የተጻፈው በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ የግዕዝን መልክ በሚያለብሱ ፎንቶች ነበር። ሰነዱ በዲ በሰላም ተቀምጧል እንበል፤ ፎንቱ ግን የሚኖረው ከዊንዶውስ ጋር በሲ ነው። ሲ ሲጠረግ ፎንቱ አብሮ ይጠፋል። ሰነዱን ስንከፍት ገጹ ሙሉ ነው፤ የምናየው ግን የተዘባረቀ የላቲን ፊደልና ምልክት ብቻ ነው። ጽሑፉ አልሞተም፤ ዲዳ ሆኗል። ስለዚህ የቆየ ጽሑፍ ያለው ሰው ፎንቱን ከሰነዱ አጠገብ ያስቀምጥ፤ ከተቻለውም ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ ይለውጥ።

ቅጂን ማራራቅ ለእኛ እንግዳ ትምህርት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ሲጀመር፣ በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍት ተነሥተው የፊልሙ አንድ ቅጂ በአዲስ አበባ፣ ሌላው በአሜሪካ ሚኒሶታ ተቀመጠ። የሥራው ጥበብ በካሜራው ብቻ አይደለም፤ አንድ እሳት ሁለቱን ቅጂዎች ሊበላ እንዳይችል መደረጉም ነው።

ኢንተርኔት ላይ ማስቀመጥ እያለ ይህ ሁሉ ለምን የሚል ይኖራል። መልካም ነው፤ ነገር ግን መስመሩ ሲቋረጥ ወይም የይለፍ ቃሉ ሲረሳ በሩ ይዘጋል። እንደ እኔ እምነት፣ ዳግም ሊገኝ የሚችለው በሲ ይኑር፤ ዳግም የማይገኘው በዲ ይቀመጥ፤ የዚህኛው ቅጂ ደግሞ በሌላ ዲስክ፣ በሌላ ጣሪያ ሥር፣ በእኅት ወይም በወዳጅ ቤት ይደር። ፊልሙንና ዘፈኑን ከሌላ ሰው እንቀዳዋለን። የሟች አባትን ድምፅ ግን ከማን እንቀዳለን? አበው ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለዚህ ለዚህ ነው።

ቸር ይግጠመን።