የሌላ ሰማይ ዝናብ

ስለ አየር ጠባይ ማውራት ወሬ ያለቀበት ሰው ነገር ነው ይባላል። ይህን ያለ ሰው ግንቦትን መጋላ ውስጥ አላሳለፈም። እኛ ዘንድ ሙቀት የወሬ ማሟሟቂያ አይደለም፤ ራሱ ወሬው ነው። ጠዋት ጎረቤት ከጎረቤት ሲገናኝ «አቦ፣ ሌሊቱ እንዴት ነበር?» ይባባላል። እንቅልፍ ወሰደህ ወይ ማለት ነው። መልሱም አልጋው የት ተዘርግቶ እንዳደረ በመናገር ይጀምራል፤ ቤት ውስጥ ነው፣ በረንዳ ላይ ነው፣ ወይስ ግቢው መካከል፣ አጎበር ተወጥሮ፣ ከከዋክብት በታች? የልጆች ጤንነት፣ የዘይት ዋጋና የአገር ሰላም የሚጠየቁት ከዚያ በኋላ ነው።

ከደጋ የሚመጣ እንግዳ ይህን ቶሎ አይረዳም። በራዲዮ «ድሬዳዋ 35 ዲግሪ» ሲባል ሰምቶ ይመጣና ቁጥሩን ያወቀ ሙቀቱን ያወቀ ይመስለዋል። 35 ግን ብቻውን የሚነግረን ነገር የለም። መብራት እያለ 35 አለ፤ መብራት ሄዶ 35 አለ። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለው 35 እና ግድግዳው በወፈረ አሮጌ ቤት ውስጥ ያለው 35 ስም ይጋሩ እንጂ ዝምድና የላቸውም። በርሜሉ ሙሉ ሆኖ የሚመጣው 35 የሚያስቀልድ ነው፤ ውሃው በፈረቃ ሆኖ ተራችን ያለፈ ዕለት የሚመጣው ደግሞ ባልና ሚስት ያጣላል።

የቤታችን ፖለቲካ የሚጀምረውም ከዚሁ ነው። አንድ ቬንትሌተር ባለበት ሳሎን ነፋሱ እንዴት እንደሚከፋፈል ያየ ሰው ስለ መንግሥት ብዙ ይማራል። አያት በዕድሜያቸው፣ ሕፃኑ በልቅሶው፣ እንግዳው በእንግድነቱ፣ ተማሪው በፈተናው የነፋስ ድርሻ ይጠይቃሉ። አንገቱን እያዞረ ለሁሉም እንዲደርስ የተደረገ እንደሆነ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ይደርሰዋል፤ ሁሉም ያማርራል። ወደ አንድ ወገን ቀጥ ብሎ የቆመ እንደሆነ አንዱ ይተኛል፤ ሌላው ነቅቶ ያድራል። መብራት ሲጠፋ ግን ክርክሩ በሙሉ ያልቃል፤ ድርሻውን ሲቆጥር የነበረው ሁሉ እኩል ያልበዋል። የሚከፋፈለው ነገር ከየት እንደሚመጣ ትዝ የሚለን ያን ጊዜ ነው።

እነዚህ ጥቃቅን ብስጭቶች ናቸው። ውሃችን ጠጣር ስለሆነ በማንቆርቆሪያችን ውስጥ በጥቂት ወራት ነጭ ድንጋይ ይጋገራል፤ ሻዩን ስንቀዳ ቅርፊቱም አብሮ ይቀዳል። ቀትር ላይ መርፌና ክር የሚሸጥ ሱቅ እንኳ ክፍት አይገኝም፤ ከተማዋ መዝጊያዋን ገርበብ አድርጋ ትጋደማለች። ባጃጁ ደግሞ ሰው ሁሉ በተጋደመባት በዚያች ሰዓት ጥሩንባውን ይነፋል። በዚህ ሁሉ ማማረር ደስ ይለናል። ማማረር ራሱ እንደ ጥላ ነው፤ አብረን እንቀመጥበታለን።

ከቀትር በኋላ በየቤቱ በርጫው ይዘረጋል፤ ወሬውም ከቤት ወጥቶ ወደ አገር ይሄዳል። ወሬው ዐራት ኪሎ ይደርሳል፤ ጅቡቲ ይወርዳል፤ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ዋሽንግተን ይገባል። ከዚያ ተመልሶ ወደ ከተማችን ጥያቄ ይመጣል፤ ድሬዳዋ የማን ናት? ጥያቄው ከመሬት የበቀለ እንጂ ከአየር የወረደ አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ስለ አዲስ አበባ በአንቀጽ 49 ሲደነግግ ድሬዳዋን በስም አላነሳም። ከተማዋ ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት የሆነ ቻርተር ያገኘችው በ1996 ዓ.ም. ነው። ሥልጣንን 40 በመቶ ለኦሮሞ፣ 40 በመቶ ለሶማሌ፣ 20 በመቶ ለሌሎች ብሎ የሚያካፍለው፣ ለዓመታት ሲሠራበት የቆየው አሠራርም የበርጫ ቤት ሁሉ ሒሳብ ነው። ስሟ እንኳ ክርክር አለበት፤ ሶማሌው በራሱ ቋንቋ ይተረጉመዋል፣ ኦሮሞው በራሱ።

ይህን ሒሳብ አላናንቅም። በዚህ ቁጥር ምክንያት ሥራ ያገኘም ያጣም አለ፤ እንጀራው የተነካበትን ሰው «ቁጥር አትቁጠር» ማለት ጨዋነት አይደለም። የምለው ሌላ ነው። ወሬያችን ይህን ሁሉ አገር ሲዞር አንድ ቦታ ሳይደርስ ይመለሳል። ያ ቦታ በመስኮት ይታያል። ደንገጎ ነው።

መጋላንና ከዚራን የሚለያቸው ደቻቱ ነው። ለማያውቀው ሰው ደቻቱን «ወንዝ» ብሎ ማስተዋወቅ የሚያሳፍር ነው፤ በአብዛኛው የዓመቱ ክፍል አሸዋ እንጂ ውሃ የለበትምና። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፤ ግመል ይነዳበታል፤ ወደ ቀፊራ የሚሄድ ሰው ድልድዩን ትቶ በእግሩ ያቋርጠዋል። የአገራችን ሰው «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ይላል። ይህን የተናገረው ውሃ ያለበት ወንዝ ዳር የኖረ መሆን አለበት። ደቻቱ ለማሳሳቅ እንኳ ውሃ የለውም። ሰውን የሚያዘናጋው በድርቀቱ ነው።

ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት፣ ቅዳሜ ለእሑድ፣ ሰው በተኛበት ይህ አሸዋ ጎርፍ ሆኖ መጣ። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሰው ከቤቱ ተፈናቀለ። ቤትና ሱቅ፣ ገበያና ከብት አብሮ ሄደ። ደቻቱ ሲመጣ የሟቹን ብሔር አልጠየቀም፤ መቶኛም አላሰላም። በማግስቱ አሸዋ ውስጥ ወገኑን የሚፈልግ ሰው አጠገቡ ለሚፈልገው ሌላ ሰው ቋንቋውን ሳይጠይቅ ድንጋይ ያነሳለት ነበር። ይህን የምለው «ያኔ አንድ ነበርን» ብዬ ለማስለቀስ አይደለም። ከዚያ ሌሊት ያላወጣነው ትምህርት ስላለ ነው።

ትምህርቱ ይህ ነው፤ ደቻቱን የሚሞላው በእኛ ጣሪያ ላይ የሚወርደው ዝናብ ብቻ አይደለም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከጀርባዋ ያለው ተራራ ከ2,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ዝናቡ እዚያ ሲጥል እዚህ ኮከብ ሊታይ ይችላል። ቁልቁለቱ የተራቆተ ከሆነ ውሃው ወደ መሬት አይሰርግም፤ ከየጎድጓዳው ተሰብስቦ፣ አፈርና ድንጋይ ይዞ በአንድ መውረጃ ይመጣል። ስለዚህ መጋላ ውስጥ ተኝቶ የራሱን ሰማይ ብቻ የሚመለከት ሰው የሚያየው ሐሰተኛ ምስክር ነው። እኛን የሚያሰጋን የሌላ ሰማይ ዝናብ ነው።

ነገሩን አስፍቶ ለተመለከተው የከተማችን ታሪክ በሙሉ እንዲሁ ነው። ድሬዳዋ የተወለደችው ባቡሩ ሐረር መውጣት ስላቃተው ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ተራራውን መውጣት ብዙ ወጪ ስለሚጠይቅ ከግርጌው አለፈ፤ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ከተማ ተቆረቆረ፤ «አዲስ ሐረር» የሚል ስምም ወጣላት። በሌላ አገር ሰዎች ሒሳብ ተወለደች ማለት ነው። ከመቶ ዓመት በኋላም በ2009 ዓ.ም. አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሲመረቅ ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ቆመ። የጥንቱ ለገሀር ግን በፉጨቱ ሰዓት ስንለካበት የኖርን ጎረቤታችን ነበር። ሁለቱም ጊዜ ደመናው የዳመነው ሌላ ቦታ ነው፤ የዘነበው እኛ ላይ።

ይሁንና ሁልጊዜ ተቀባይ ብቻ አይደለንም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የሐረማያ ሐይቅ ደርቆ ሐረር ስትጠማ፣ መፍትሔ የተፈለገላት ከተራራው በታች ነው፤ በድሬዳዋ አካባቢ ከተቆፈሩ ጥልቅ ጉድጓዶች ውሃ እየተሳበ ዳገቱን ወጥቶ ሐረር እንዲደርስ ተደረገ። እስቲ ይህን ነገር አስተውሉት። ጎርፉ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ የሚጠጣው ውሃ ከታች ወደ ላይ ይወጣል። ከመሬታችን ሥር የሚገኘውም ውሃ ቢሆን የዝናብ ልጅ ነው፤ ቁልቁለቱ ላይ ረጋ ብሎ ያልሰረገ ዝናብ ጉድጓድ አይሞላም። እንግዲህ ተራራውና ሜዳው አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው የአስተዳደር ወሰን ግን ወረቀት ላይ እንጂ ውሃው ውስጥ አልተጻፈም። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው አባባል እኛ ዘንድ ሌላ ትርጉም አለው፤ ጎርፍ የሚያስፈራው ሰፈር ቧንቧው ደርቆ ያድራል። ሁለቱ አንድ በሽታ ናቸው፤ ዝናቡን ላይ ሆኖ የሚይዘው የለም።

«ግንብ ተሠርቷል እኮ!» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፤ ከ1998ቱ ጎርፍ በኋላ በደቻቱ ዳር መከላከያ ግንብ ተሠርቷል፤ ጥቅሙንም አልክድም። ሆኖም ግንብ የጎርፉን መንገድ እንጂ መነሻውን አይለውጥም። በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ከተማዋ ዳግም በጎርፍ ተመትታ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ደግሞም ግንቡ የሠራውን እኛው በየቀኑ እናፈርሳለን፤ ፌስታሉን፣ የጫት ገረባውን፣ የተሰበረውን ጀሪካን ደረቅ ነው ብለን ወደ ቦዩና ወደ አሸዋው እንወረውራለን። በክረምት ውሃ መሄጃ ያጣ እንደሆነ መንገዱን ቤታችን ውስጥ ይፈልጋል።

ሌላም ተቃውሞ አለ፤ ይህኛው ይከብዳል። «እዚያ ላይ ያለው ገበሬ ዳገቱን የሚያርሰው ጠግቦ ነው ወይ? ዛፉን የሚቆርጠው ለጌጥ ነው ወይ?» ይባላል። አይደለም። በየማለዳው ከተራራው ወርደው ቀፊራ የሚገቡትን እናቶች ማየት ይበቃል። እንጨቱን በጀርባቸው ያመጡልናል፤ አትክልቱን ያመጡልናል፤ ወተቱን ያመጡልናል። ዋጋውን ተከራክረን፣ አስቀንሰን እንገዛቸዋለን። በርካሽ ከገዛነው እንጨት ጋር የተራራውን ጥላ እየገዛን እንደሆነ አናስበውም። ቀሪውን ዋጋ በክረምት ደቻቱ ሊያስከፍለን ይመጣል።

እንግዲህ የኔ ሐሳብ ይህ ነው። ከተማዋ ለራሷ ደኅንነት ብላ ለተራራው መክፈል አለባት። እርከን የሚሠራው፣ ችግኝ ተክሎ ከፍየል የሚጠብቀው፣ ቁልቁለቱን ሳያርስ የሚያሳድረው ገበሬ የሚሠራው ለእኛም ጭምር ነው፤ ስለዚህ ደመወዙ ከእኛም ኪስ መውጣት ይገባዋል። ሐረርም ከታች ለምትጠጣው ውሃ ስትል በዚህ ማኅበር ውስጥ ድርሻ አላት። የኦሮሚያ ቀበሌ ነው፣ የድሬዳዋ ገጠር ነው እየተባለ የሚቆም ሥራ ከሆነ ግን ሥራ አይባልም፤ ተዳፋቱ መታወቂያ አይጠይቅም። መቶኛ ለማካፈል በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጥ የቻሉ ሰዎች እርከን ለማካፈልም መቀመጥ ይችላሉ። 40ውም፣ 40ውም፣ 20ውም የሚኖሩት ከአንድ ተራራ በታች ነው።

ይህ ትልቅ ነገር ነው ካላችሁ ትንሹን ልንገራችሁ። በክረምት ማለዳ ከቀፊራ ቲማቲም ስትገዙ ዋጋ ከመከራከራችሁ በፊት ሻጭዋን «ላይ እንዴት አድሯል? ዘንቧል ወይ?» በሏት። ከራዲዮው ቁጥር ይልቅ እሷ የምትነግራችሁ ለደቻቱ የቀረበ ነው፤ እግሯ ላይ ያለው ጭቃ እንኳ ይናገራል። ጥያቄው ሳንቲም አያስወጣም። ሻጭዋም የመጣችበት አገር ከከተማችን ጋር የተያያዘ መሆኑን የሚያውቅ ሰው እንዳለ ትረዳለች። ፖለቲካ የሚባለው ነገር ከዚህ የራቀ አይመስለኝም፤ ከራስ ጣሪያ ባሻገር ያለውን ሰማይ መጠየቅ ነው።

ስለ ሙቀቱ ማማረራችንን እንቀጥላለን፤ ያለሱ መጋላ መጋላ አትሆንም። ማታ ደግሞ አልጋችንን ግቢ እናወጣለን። ከሐምሌ እስከ መስከረም ባሉት ሌሊቶች ግን፣ ከመጋደማችን በፊት፣ አንድ ጊዜ ፊታችንን ወደ ደንገጎ እናዙር። እዚያ መብረቅ የሚበርቅ እንደሆነ በደቻቱ ዳር ያለውን ጎረቤት መቀስቀስ ነው። ይህንን ለማድረግ ቻርተር አያስፈልግም።

ቸር ይግጠመን።