ባሌስትራ ሲደረብ ካርዳኑን ማን አየው?

የጉና ዙሪያ ድንች ሲደርስ የአይሱዙ ባለንብረቶች ወደ ጋራዣችን ይዘውት የሚመጡት ትእዛዝ ይታወቃል፤ «ባሌስትራ ደርብበት፣ ጭነት ሲበዛ እየተኛብኝ ነው»። ባሌስትራው ይደረባል፣ የመኪናው ኋላ ከፍ ይላል፣ ባለንብረቱም ደስ ብሎት ወደ ጋሳይ ወይም ወደ ክምር ድንጋይ ይወጣል። ከሥር ያለውን ካርዳን ግን ጎንበስ ብሎ ያየው የለም። በደብረ ታቦርና በጋይንት መንገድ ባሌስትራም ሆነ ሻንሲ የነካ መካኒክ ካርዳኑን ሳይለካ መኪና ማስረከብ የለበትም ብዬ አምናለሁ። ዓመታዊ ምርመራ የሚያደርገውም አካል ይህን መጠየቅ አለበት።

ካርዳን ከካምቢዮ ወደ ዲፈረንሻል ኃይል የሚያደርስ ዘንግ ነው። ጫፍና ጫፉ ላይ ያሉት ክሮቼራዎች ዘንጉ ታጥፎም እንዲዞር ያስችሉታል። እጥፋቱ ሲበዛ ግን ዙሩ እኩል መሆኑ ይቀራል፤ በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜ ይዘገያል። የፊተኛው ክሮቼራ ያመጣውን መዛባት የኋለኛው የሚያስተካክለው የሁለቱ እጥፋት እኩል ሲሆን ነው። ባሌስትራ ሲደረብ ወይም ሲቀነስ ዲፈረንሻሉ ከቦታው ይነሳል፣ አፍንጫውም ይዘነበላል፤ እኩልነቱ ያኔ ይፈርሳል። አዲስ አበባ ውስጥ ለማማር ብለው ፒካፕ ዝቅ የሚያስደርጉ ወጣቶችም የሚገጥማቸው ችግር ይኸው ነው፤ እነሱ ላይ ደግሞ ካርዳኑ እንዲረዝምና እንዲያጥር የሚያስችለው ተንሸራታች ጥርስ ቦታ አጥቶ ካምቢዮውን ሊገፋው ይችላል። እጥፋቱ ከ3 ዲግሪ ባይበልጥ ይመረጣል። ቀጥ ብሎ ዜሮ ቢሆንም አይጠቅምም፤ የክሮቼራው ቀጫጭን ሮለሮች ካልተንቀሳቀሱ አንድ ቦታ ላይ ይቦረቡራሉ።

ከዚህ የባሰው ሻንሲ ማስቀጠል ነው። ካርሶኒው እንዲረዝም ሻንሲው ይቆረጣል፣ ይበየዳል፣ ካርዳኑም አብሮ ይቀጠላል። ዘንግ በረዘመ ቁጥር ግን ገና በዝቅተኛ ፍጥነት መሀሉ መወዛወዝ ይጀምራል። ረጅም ካርዳን ለሁለት ተከፍሎ መሀሉ ላይ ኩሽኔታ የሚደረግለት ለዚህ ነው። ብየዳው ሲያልቅ የሁለቱ ጫፍ ሹካዎች በአንድ መስመር ካልዋሉ ደግሞ መዛባቱ በመተራረም ፋንታ ይደመራል። እንዲህ ያለውን ሥራ ቶርኖ ላይ ሳያስተካክል፣ ባላንስ ሳያሠራ የሚያስረክብ ሰው በሾፌሩና በረዳቱ ሕይወት እየፈረደ ነው።

ይህን ያህል የምጨነቀው ለዳገቱ ብቻ አይደለም። እርግጥ ነው፣ በአንደኛ ማርሽ ሲወጣ ካምቢዮው የሞተሩን ጉልበት አምስት እጥፍ ገደማ አብዝቶ ካርዳኑ ላይ ያሳርፋል፤ የደከመ ክሮቼራ የሚሰበረውም አብዛኛውን ጊዜ ያኔ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ቁልቁለቱ ነው። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ወረታ ደግሞ 1,800 ገደማ፤ በመሀላቸው ያለው መንገድ ከ40 ኪሎ ሜትር ብዙም አይዘልም። ጎበዝ ሾፌር ያንን ቁልቁለት የሚወርደው በማርሽ ይዞ ነው። ማርሽ የሚይዘው ደግሞ በካርዳኑ በኩል ነው። ካርዳኑ ከተበጠሰ ሞተሩ ጎማውን መያዝ አይችልም። የእጅ ፍሬኑስ? በአይሱዙ ኤን ፒ አር የእጅ ፍሬኑ ያለው ጎማው ላይ ሳይሆን ከካምቢዮው ኋላ ነው፤ ስለዚህ ካርዳኑ ሲሄድ እሱም አብሮ ይሄዳል። የሚቀረው የእግር ፍሬን ብቻ ነው፤ እሱም በረጅም ቁልቁለት ይግላል፣ ይደክማል። የተበጠሰው ዘንግ እየተወራጨ የፍሬን ቱቦ ከመታ ደግሞ ረዳቱ ታኮ ይዞ ከመዝለል በቀር ምርጫ የለውም።

ቁልቁለት ከዳገት እንደሚከፋ ይህ አገር ድሮም ያውቃል። አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው ጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖልን፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን መድፍ፣ በ1860 ዓ.ም. ጥቅምት ከደብረ ታቦር አስነስተው መቅደላ ያደረሱት መጋቢት ላይ ነው። በጨጨሆና በዘቢጥ ሲያልፍ መንገዱ እየተጠረገለት በመቶ የሚቆጠር ሰው ጎትቶታል፤ ገደሉን ሲወርድም ወደኋላ የያዘው ሰው ነው። ዛሬ በዚያው ጨጨሆ ድንች የጫነውን አይሱዙ ወደኋላ የሚይዙት ሞተሩና ፍሬኑ ናቸው። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በዜሮ ማርሽ የሚወርድ ሾፌር አንዱን መያዣ በገዛ እጁ እየጣለ ነው።

ካርዳን አብዛኛውን ጊዜ ሳያስጠነቅቅ አይሰበርም። ከወደ ፊት ወደ ኋላ ማርሽ ሲቀየር ከሥር «ቋ» የሚል ድምፅ ይሰማል። በአንድ በተወሰነ ፍጥነት ላይ ብቻ ወለሉ ይንዘረዘራል። መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ጎማው ታኮ ተደርጎለት ሲቆም ከሥር ገብቶ ክሮቼራውን ማየት ነው፤ በቆቡ ጫፍ ዙሪያ እንደ በርበሬ የቀላ የዝገት ዱቄት ከታየ ውስጡ ግራሶ አልቆበታል። ዘንጉን በእጅ ይዞ ሲያወዛውዙት ክሮቼራው ላይ ትንሽ እንኳ ከተንቀሳቀሰ ያ መኪና ጭኖ መውጣት የለበትም። ግራሶ ሲጨመርም አዲሱ በአራቱም ቆብ በኩል እስኪወጣ ድረስ ነው፤ አንዱ እምቢ ካለ ያ ክሮቼራ ይቀየራል።

እጥፋቱን ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ዛሬ ስማርት ስልክ ላይ ዲግሪ የሚያሳይ መለኪያ ይጫናል። ካምቢዮው፣ ዘንጉና ዲፈረንሻሉ ላይ ተራ በተራ አስደግፎ ማንበብ ነው፤ መኪናው ባዶ ሆኖ አንድ ጊዜ፣ ተጭኖ ሌላ ጊዜ። በፊተኛውና በኋለኛው እጥፋት መካከል ልዩነት ካለ በባሌስትራውና በአክስሉ መካከል ሽብልቅ ብረት ገብቶ ይስተካከላል።

መርማሪዎች የመብራትና የጎማ ያህል ለዚህ ጊዜ ይስጡ፤ ሻንሲው የተቀጠለ መኪና የካርዳኑን ባላንስ ማስረጃ ሳያቀርብ አይለፍ። የባለንብረት ማኅበራት ደግሞ አባሎቻቸው በካርዳኑ የፊት ጫፍ ሥር የብረት ቀለበት እንዲያስገጥሙ ያስገድዱ። ዘንጉ ቢበጠስ አስፋልት ወግቶ መኪናውን እንዳይገለብጥ፣ የፍሬን ቱቦውንም እንዳይመታ የሚይዘው ያ ቀለበት ነው። ማንኛውም ብየዳ ቤት በግማሽ ቀን ሠርቶ ይገጥመዋል።