የፋሽን ፎቶግራፍና የሞዴሏ ድርሻ

የፋሽን ፎቶግራፍ ምን ማለት እንደ ሆነ ሲጠየቅ ብዙ ሰው የቆንጆ ሴት ሥዕል ነው ብሎ ይመልሳል። ነጋዴው ግን ልብስ መሸጫ ነው ይላል፤ ይህም መልስ ከፊተኛው ይልቅ ለእውነት የቀረበ ነው። ተራ ፎቶግራፍ የሚነሣው ሰውዬው ማን እንደ ሆነ ለማሳየት ሲሆን፥ የፋሽን ፎቶግራፍ የሚነሣው ተመልካቿ እንደ ሥዕሏ ሆኜ በታየሁ ብላ እንድትመኝ ነው። ምኞቱ ቀድሞ ይሸጣል፤ ጨርቁ ይከተለዋል።

ስለዚህ ፎቶግራፍ አንሺው ሁለት ጌታ አለው። ልብስ ሰፊው ስፌቱና ቍልፉ እንዲታይለት ይፈልጋል፤ የመጽሔቱ አዘጋጅ ደግሞ አንባቢው ገጹን እንዳይገለብጥ የሚያደርግ ነገር ይጠይቀዋል። ኤድዋርድ ስታይከን በ1911 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር (ከዚህ በታች ያለው ዘመን ሁሉ እንዲሁ ነው) የፓሪሱን የፖል ፑዋሬን ቀሚሶች ሲያነሣ ይኸው ሥራ ነበረበት። በ1933 ዓ.ም. የሀንጋሪ ተወላጅ የሆነው ማርቲን ሙንካቺ ሞዴሏን ወደ ባሕር ዳር አውጥቶ ስትሮጥ አነሣት፤ እስከዚያ ጊዜ ሞዴሎች አብዛኛውን ጊዜ እንደ ሐውልት ነበር የሚቆሙት።

ለሞዴሏ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሞዴል የሚለው ቃል በጣሊያንኛም በፈረንሳይኛም በመሠረቱ አብነት፥ ማለት ሌላ ነገር የሚቀዳበት ናሙና ማለት ነው። ቃሉ ለሰው ሲሰጥ ሰውየዋን ከዕቃ ጋር አስተካክሏት እንደ ሆነ የሚያጠራጥር ነው።

ሪቻርድ አቬደን በ1955 ዓ.ም. በነሐሴ ወር በፓሪስ በአንድ የሰርከስ አዳራሽ ያነሣው ሥዕል ለዚህ ማስረጃ ይሆናል። ዶቪማ የተባለችው ሞዴል የዲዮርን ጥቁር የማታ ቀሚስ ለብሳ፥ ነጭ ሐር ታጥቃ፥ እግራቸው በሰንሰለት በታሰረ ዝሆኖች መካከል ቆማለች። ቀሚሱን የነደፈው ገና የ19 ዓመት ወጣት የነበረው ኢቭ ሳን ሎራን ነው። ዶቪማ በዘመኗ በደቂቃ አንድ ዶላር የምትከፈል እየተባለች ትጠራ ነበር፤ ለዚያን ጊዜ ታላቅ ደመወዝ ነው። ቢሆንም የተከፈላት ለቆመችበት ሰዓት ብቻ ነው። በ1990 ዓ.ም. ከመሞቷ በፊት በነበሩት ዓመታት በፍሎሪዳ በአንድ ፒዛ ቤት እንግዳ ተቀባይ ሆና ትሠራ ነበር። በ2010 ዓ.ም. የዚያው ሥዕል አንድ ትልቅ እትም በፓሪስ ጨረታ በ841,000 ዩሮ ተሸጠ፤ የገዛውም የዲዮር ቤት ነው።

በዚህ ማንም ሕግ አላፈረሰም። የሥዕሉ ባለመብት እንደ ውሉ ፎቶግራፍ አንሺው ወይም ያሠራው ሰው ነው፤ ሞዴሏ በመልኳ እንዲጠቀሙ ፈርማ ትሄዳለች። ነጋዴ ግን ገንዘቡን የከፈልሁ እኔ ነኝ፥ ከዚያ በኋላ ምን ቀረባት ብሎ ይከራከር ይሆናል። ሱቅ የተከራየ ሰው የወር ኪራይ ከፍያለሁ ብሎ ሱቁን ለልጅ ልጁ እንደማያወርስ ራሱ ነጋዴው ከማንም ይልቅ ያውቃል። የአንድ ቀን ደመወዝ ለአንድ ቀን ሥራ ይበቃል፤ ሥዕሉ ለሌላ አገር፥ ለሌላ ዕቃ ማስታወቂያ፥ ለሌላ ዓመት ሲውል ግን ሌላ ዋጋ መጻፍ ይገባዋል። ለፎቶግራፍ አንሺውም ቢሆን የተለካ ውል ከኋለኛ ክርክር ያድነዋል።

በ2024 ዓ.ም. መጨረሻ ተፈርሞ በ2025 ዓ.ም. የጸናው የኒው ዮርክ ግዛት የፋሽን ሠራተኞች ሕግ ወደዚህ መንገድ ጀምሯል። የሞዴል ወኪሎች እንዲመዘገቡ፥ ከሞዴሏም ገቢ ከመቶ 20 በላይ እንዳይወስዱ ያዛል። የሞዴሏን አምሳል በኮምፒዩተር ሠርቶ ለመጠቀም ደግሞ የጽሑፍ ፈቃዷ ግድ ነው፤ ፈቃዱም ከውክልናው ውል ተለይቶ ይጻፋል፥ የሥራው ልክና ዓላማ፥ ዋጋውና የሚቆይበት ጊዜም ይዘረዘርበታል። ለኮምፒዩተር አምሳል የተጠየቀው ይህ ዝርዝር ለተራው ፎቶግራፍ ውል የማይጠየቅበት ምክንያት አይገኝም።