ከመሸከም ወደ መጠበቅ፦ የጡረታ የመጀመሪያው ዓመት



ባለፈው ዓመት መስከረም ትምህርት ሲከፈት እኔ ቤት ነበርኩ። 36 ዓመት በመምህርነት፣ በኋላም በምክትል ርእሰ መምህርነት ሠርቼ፣ 60 ዓመት ስለሞላኝ ሐምሌ ላይ ጡረታ ወጥቻለሁ። ያን ሰኞ ግን እንደ ልማዴ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነሣሁ። ሸሚዜን ለበስኩ፤ ጫማዬን ጠረግሁ። ባለቤቴ አየችኝና «የት ልትሄድ ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች በበራችን ሲያልፉ በመስኮት እያየሁ ቆምኩ።

ያን ባዶነት ስላልቻልኩት በዚያው ወር በቤተ ክርስቲያናችን ሦስት ኮሚቴ ውስጥ ገባሁ። ወንድሞች «አሁን እኮ ጊዜ አለህ» አሉኝ፤ እኔም «ጌታ በር ከፈተልኝ» አልኩ። ኅዳር ላይ አንድ ምሽት ከስብሰባ አምሽቼ ስገባ ባለቤቴ እራቱን ከድና ትጠብቀኝ ነበር። ሳትቆጣ እንዲህ አለችኝ፦ «36 ዓመት ለትምህርት ቤቱ አበደርኩህ። ጡረታ ስትወጣ ትመለሳለህ ብዬ ነበር።» ያ ቃል እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም።

ስለዚህ አንዳንድ ወገኖች ባይስማሙበትም አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። አዲስ ጡረታ የወጣ አማኝ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት አዲስ ኃላፊነት ባይቀበል ይሻላል፤ ቤተ ክርስቲያንም ባትጭንበት መልካም ነው። ከአገልግሎት ይሽሽ ማለቴ አይደለም። አገልግሎቱ መልኩን እንዲቀይር ጊዜ ይሰጠው ማለቴ ነው።

በዘኍልቍ 8፥23-26 እግዚአብሔር ለሌዋውያን የሰጠውን ሥርዓት ተመልከቱ። ሌዋዊ 50 ዓመት ሲሞላው ከከባዱ ሥራ ያርፋል፤ ነገር ግን ከመገናኛው ድንኳን አይባረርም። ከወንድሞቹ ጋር ሆኖ እየረዳ ይጠብቃል። የመቅደሱን ዕቃ በትከሻ መሸከም የጎልማሶቹ ድርሻ ነበረ፤ የሸመገለው ደግሞ በአጠገባቸው ይቆማል። ጡረታ ማለት ለእኔ ይኸው ነው፦ ከመሸከም ወደ መጠበቅ መሻገር። እኔ ግን አንዱን ሸክም አውርጄ፣ ትከሻዬን ሳላሳርፍ ሦስት ሌላ ተሸከምኩ።

«ካሌብ በ85 ዓመቱ ተራራ ስጠኝ አላለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ብሏል። ነገር ግን ኢያሱ 14ን በደንብ እናንብብ። ካሌብ የጠየቀው ከ45 ዓመት በፊት በተስፋ የተሰጠውን ርስት ነው፤ ፊቱ የተገኘውን ተራራ ሁሉ አልጠየቀም። የ80 ዓመቱ ቤርዜሊ ደግሞ ንጉሥ ዳዊት ወደ ኢየሩሳሌም አብሮት እንዲሻገር ሲጋብዘው፣ አቅሙን አውቆ በአክብሮት እንቢ አለ፤ በእርሱም ፈንታ ወጣቱን ላከ (2ኛ ሳሙኤል 19)። አንዱ «ስጠኝ» አለ፣ ሌላው «ይቅርብኝ» አለ። ሁለቱም ድርሻቸውን ለይተው ያውቁ ነበር። የመጀመሪያው ዓመት ሥራም ይህን ድርሻ በጸሎት መለየት ነው።

በዚህ አንድ ዓመት የተማርኩትን፣ ከስሕተቴም ጭምር፣ ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ ወረቀታችሁን ሳትወጡ ጨርሱ። በየወሩ ከደመወዛችን 7 በመቶ ሲቆረጥ፣ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ ሲጨምር ኖሯል። ይህ ገንዘብ ወደ አበልነት የሚለወጠው ግን ማስረጃ ሲሟላ ነው። የቅጥር ደብዳቤ፣ የአገልግሎት ዘመን፣ የስምና የልደት ዘመን መረጃ እርስ በርሱ ካልገጠመ መመላለሱ ብዙ ነው። ከመውጣታችሁ ከአንድ ዓመት በፊት የግል ማኅደራችሁን አስወጥታችሁ እዩ። አበሉ እስኪጀምር ድረስ ለጥቂት ወራት የሚሆን አስቤዛ ማስቀመጥም የእምነት ማነስ አይደለም፤ ዮሴፍም በጥጋቡ ዘመን አከማችቷል።

ሁለተኛ፣ በአንድ ጊዜ የተሰጣችሁ ገንዘብ ካለ፣ ፕሮቪደንት ፈንድም ይሁን የስንብት ስጦታ፣ አንድ ዓመት አትንኩት። «ጡረታ ወጣ» ሲባል ብድር ጠያቂውም ሥራ አዋጩም ይበዛል። ሚኒባስ እንግዛ፣ ሱቅ እንክፈት የሚል ዘመድ ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል፤ ገንዘቡ ከጠፋ ግን መልሳችሁ የምታጠራቅሙበት 30 ዓመት የላችሁም። ገቢያችሁ ሲያንስ መባችሁም ቢያንስ አትፈሩ። ጌታ የመበለቲቱን ሁለት ሳንቲም ያየው ከሀብታሞቹ ስጦታ አስበልጦ ነው።

ሦስተኛ፣ ወንበሩን ከልባችሁ ልቀቁ። ጥቅምት ላይ «ልጠይቃቸው» ብዬ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድኩና፣ ሳላውቀው የአዲሱን ምክትል የክፍለ ጊዜ ድልድል ማረም ጀመርኩ። ፊቱ ሲለወጥ ገባኝ። ሳሙኤል መሪነቱን ሲያስረክብ ሁለት ነገር አደረገ፦ የማንን በሬ እንደ ወሰደ ይነግሩት ዘንድ ሕዝቡን ጠየቀ፤ ስለ እነርሱም መጸለይ እንደማይተው ተናገረ (1ኛ ሳሙኤል 12)። ሒሳባችሁን ዝጉ፣ የበደላችሁት ካለ ይቅርታ ጠይቁ፣ ከዚያ በጸሎት ብቻ ተመለሱ።

አራተኛ፣ ቤታችሁን እንደ እንግዳ ተማሩት። እኛ ቢሮ ስንውል ቤቱ የራሱ ሥርዓት አበጅቷል። ጓዳውን እንደ መሥሪያ ቤት ልናስተዳድር ብንሞክር ጠብ እንጂ በረከት አናገኝም። እኔ ገበያ መሄድና ከሰዓት ቡና ማፍላት ጀመርኩ። ቡናዬ አይጣፍጥም፤ ግን አብረን እንጠጣዋለን። ባለቤታቸው በሞት የተለየቻቸው ወይም ብቻቸውን የሚኖሩ ቅዱሳን ደግሞ፣ በሳምንት አንድ ቀን የሰው ቤት የሚሄዱበትን፣ አንድ ቀንም ሰው የሚቀበሉበትን ይወስኑ። ብቸኝነት ቀስ ብሎ ነው የሚገባው።

አምስተኛ፣ ሰውነታችሁን አስመርምሩ። ደም ግፊትና ስኳር ሕመም ሳይሰማን ለዓመታት ሊጎዱን ይችላሉ። ጠዋት የእግር መንገድ ውጡ፤ እየሄዱ መጸለይም ይቻላል።

ለቤተ ክርስቲያን መሪዎችም አንድ ልመና አለኝ። ጡረተኛን ስታዩ ክፍት የኮሚቴ ወንበር አይታያችሁ። «እንዴት ነህ? ቤት እንዴት ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ከስድስት ወር በኋላ ደግሞ ከአንድ ወጣት ጎን አቁሙት። እኔ ሁለቱን ኮሚቴ በይቅርታ ለቅቄ፣ በሰንበት ትምህርት ብቻ ቀርቻለሁ፤ እርሱንም አልመራም። የምታስተምረው እኔ በ9ኛ ክፍል ያስተማርኳት ልጅ ናት። እኔ ወንበር አስተካክላለሁ፣ ያልገባውን ልጅ ጥግ ወስጄ አስረዳለሁ። በ36 ዓመት እንዲህ ደስ ብሎኝ አላስተማርኩም።

በመጨረሻም፣ ጌታን ገና ሳታውቁት ይህን ለምታነቡ። የሥራ መጠሪያችሁ ሲወርድ፣ ስልካችሁም ዝም ሲል «ታዲያ እኔ ማን ነኝ?» ብላችሁ ይሆናል። ጥያቄው የእኔም ነበር፤ አማኝ መሆኔ ከዚያ መስኮት ፊት ከመቆም አላዳነኝም። ያቆመኝ ግን በሥራዬ ሳይሆን በልጁ ሞትና ትንሣኤ የተቀበለኝ አባት እንዳለኝ ማወቄ ነው። በማቴዎስ 20 የወይኑ ባለቤት ፀሐይ ልትጠልቅ አንድ ሰዓት ሲቀራት እንኳ ወደ አደባባይ ወጥቶ ሥራ ፈት ሆነው የቆሙትን ጠርቷል። እናንተንም ይጠራችኋል፤ አልመሸም።

ጌታ የሽምግልና ዘመናችሁን ይባርክ። አሜን።