ውኃ የሌለው ወንዝ ስንት ይሸጣል?

ባለፈው ቅዳሜ ታይዋን ወርደን ነበር (የድሬዋን ታይዋን ነው የምንላችሁ፣ ደሴቷን አይደለም)። የሄድነው ለስልክ ቻርጀር ነው። እንደ ታይዋን ወግ ግን ቻርጀሩን ረስተን ብርድ ልብስና ሽቶ ስናገላብጥ፣ ከብርድ ልብሶቹ ጀርባ አንድ ትልቅ ሥዕል ፍሬም ገብቶ ቆሞ አገኘን። ሰማያዊ ወንዝ፣ ሸራቸው የተጠቀለለ ጀልባዎች፣ በስተቀኝ ድልድይ። የታተመ ኮፒ ነው፣ የሠዓሊው ስም የለበትም። እኛ ግን አወቅነው። ክሎድ ሞኔ እ.ኤ.አ. በ1874 የሣለው የአርዣንቴይ ድልድይ ነው፤ ወንዙም የፓሪሱ ሴን።

"አቦ ግዙኝ!" አለችን ባለሱቋ። "ውኃ ያለበት ሥዕል ቤት ያቀዘቅዛል።"

በድሬ ሙቀት ከዚህ የተሻለ የሥዕል ሂስ ሰምተን አናውቅም!

"የደቻቱስ የለሽም?"

"ደቻቱ ምኑ ይሣላል? አሸዋ!"

ስቀን አለፍን። ማታ ግን ነገሩ አላስተኛን አለ። እነ ሞኔ ያኔ የሠሩት ሥራ እኮ ማንም "ምኑ ይሣላል?" የሚለውን መሣል ነው። ቀለም በቆርቆሮ ቱቦ መሸጥ ስለጀመረ፣ ሸራቸውን ተሸክመው ከቤት ወጡና ደጃቸው ላይ ያለውን ሣሉ። ጭስ፣ ጀልባ፣ ድልድይ፣ ባቡር ጣቢያ ሳይቀር። (ለገሃር ያደገ ሁሉ ባቡር ጣቢያ መሣል ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።) "ኢምፕሬሽኒስት" የሚለው ስምም ሉዊ ለርዋ የተባለ ጋዜጠኛ ሲያሾፍባቸው ያወጣላቸው ነው።

ከመካከላቸው አልፍሬድ ሲስሊ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1876 ሴን ሞልቶ ፖርማርሊ የምትባለውን መንደር ሲያጥለቀልቅ ቆሞ ሣለ። ውኃ የከበበው የወይን ጠጅ ነጋዴ ቤት፣ ደጁ ላይ ጀልባ፣ በላዩ ደመናማ ሰማይ። ጩኸት የለም፣ አስከሬን የለም። ጎርፉ ግን እስከ ዛሬ እዚያው ሥዕሉ ላይ አለ።

የእኛስ ጎርፍ የት አለ?

ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ደቻቱ በተኙበት የወሰዳቸው ሰዎች ቁጥር ከ200 በላይ ነው። ዝናቡ የዘነበው ከላይ፣ ከሐረርጌ ደጋ ነበር፤ ጎርፉ የደረሰው በጨለማ ነው። ብዙዎቻችን ያኔ ሕፃናት ነበርን። የምናውቀው እናቶቻችን ቡና ላይ ጀምረው የሚያቋርጡትን ያህል ብቻ ነው። ቁጥሩ በሪፖርት ተቀምጧል። ቁጥር ግን ግድግዳ ላይ አይሰቀልም።

"ቁስል መነካካት ነው" የሚሉን እንዳሉ እናውቃለን። እውነት አላቸው። ሴን ቀስ ብሎ ይሞላል፣ ለሠዓሊም ጊዜ ይሰጣል። ደቻቱ ለማንም ጊዜ አልሰጠም። ስለዚህ ሲስሊን ቅዱልን አንልም። ደረቁን ሣሉልን። ፍየሎቹ የሚሻገሩትን፣ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበትን፣ በከዚራና በመጋላ መሐል የተኛውን አሸዋ፤ ጠዋት ግራጫ፣ ቀትር ላይ ነጭ፣ ማታ ብርቱካን የሚሆነውን። የውጭ ሰው "ባዶ ሜዳ" ይለው ይሆናል። የድሬ ሰው ግን ያ አሸዋ ወንዝ መሆኑን፣ የሚያደርገውንም ያውቃል።

በማግስቱ ተመልሰን ይህንኑ ለባለሱቋ ነገርናት። ዝም ብላ ሰማችን። ብርድ ልብሱን አጠፈች፣ ደግማ አጠፈች።

"እንግዲያው አሣሉና አምጡልኝ" አለች። "ከዚህኛው ጎን አቆምላችኋለሁ።"

ብሩሽ የያዛችሁ የድሬ ልጆች፣ ቦታው ተይዞላችኋል። ታይዋን፣ ከብርድ ልብሶቹ ጀርባ።